ጎመን በእድር ድንኳን

አምቦ፣ ጥር 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለአዴ ኡርጌ
ባኮ

አዳዳ፣

አዎ፣ እውነት ነው። አይ፣ ሰው አልሞተም።

ሹፌሩ ኤጄታ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ እንዲህ ቶሎ እንደሚያወራ ባውቅ ኖሮ፣ ይህን ደብዳቤ ከአውቶቡሱ ቀድሜ በእግሬ አመጣው ነበር። ሰላምታ ሳላቀርብ ወሬ ውስጥ ስለገባሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ላቅርብ፦ ጉልበትዎ እንዴት ነው? የመስኖው ውሃስ? ያቺ ሰው የምትነክስ ዶሮስ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን። እማዬም ከስኳር በሽታዋ በቀር ደህና ናት።

የሆነው እንዲህ ነው። ሰፈራችን የቄራ ጀርባ እርስዎ ከመጡበት ጊዜ ወዲህ ሰው ጨመረ እንጂ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሦስት ሱቅ አለን፤ ሦስቱም የሚሸጡት ብስኩት፣ ፓስታ፣ ለስላሳና እንደ ኦቦ ጃርሶ ጉንጭ የተጨማደደ ሽንኩርት ነው። ጎመን ያማረው ሰው ዋናው ገበያ ድረስ ይሂድ፤ የባጃጁ ሒሳብ ከጎመኑ ይበልጣል። ጤና ጣቢያ እማዬን «አትክልት ብዪ» ብለው ሲያሰናብቷት «ጨረቃ ብዪ» ያሏት ነው የመሰላት።

ሐሳቡ የእኔ ነበር። (እዚህች ላይ ያስምሩባት፤ ሰፈር ውስጥ እየተረሳች ነው።) እርስዎ ከእርሻዎ በጆንያ ይልካሉ፤ እድሩ ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን ያውሰናል፤ እኛ ቅዳሜ ጠዋት ትርፍ ሳንይዝ እንሸጣለን። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጃርሶ «በሐዘን ድንኳን ስር ቃሪያ?» ብለው ሦስት ሳምንት አልተኙም። በመጨረሻ እስከ ሁዳዴ መግቢያ ለሙከራ ፈቀዱ። እሁድ የካቲት 17 እድሩ ተሰብስቦ ይወስናል፤ ከሠራ ይቀጥላል፣ ካልሠራ ድንኳኑ ወደ ለቅሶው ይመለሳል።

እንግዲህ ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ድንኳኑን ተከልን። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ኦቦ ባይሳ ሰፈሩን እንዲጠሩ ተነገራቸው። እሳቸው ደግሞ በሠላሳ ዓመት ሥራቸው የሚያውቁት አንድ ዜማ ብቻ ነው። ነፉት። ከጡሩምባው በኋላ «አትክልት መጥቷል!» ብለዋል፤ ግን ጡሩምባ ሰምቶ ቀሪውን የሚጠብቅ ማን አለ? ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። አዴ ጉዴ ድንኳኑን ከሩቅ አይታ «ወየው ወንድሜ!» እያለች መጥታ የጎመኑ ጆንያ ላይ ወደቀች። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ማን እንደሞተ የጠየቀችው ኋላ ነው። ከሁሉም የሚገርመው ኦቦ ጃርሶ፣ ራሳቸው የፈቀዱት ሰውዬ፣ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው «ማን ነው? ማን ነው?» እያሉ ደረሱ።

«ቲማቲም ነው፣ ኦቦ» አልኳቸው።

ሰው አንዴ ከመጣ ባዶ እጁን አይመለስም፤ እንባውን ጠርጎ ገዛ። ሦስት ሰዓት ሳይሆን ጆንያው ተራገፈ።

ሚዛኑ ላይ ማን ተቀመጠ ይሉ ይሆናል። እኔ አይደለሁም። አቢጊያ የምትባል፣ መስከረም ላይ ከሸነን የመጣች፣ ማዶ ከነርስ እናቷ ጋር ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት። ኦቦ ጃርሶ «ረጋ ያለች ናት» ብለው ሰጧት። እኔ ምንድን ነኝ አዳዳ፣ የምፈላ ማሰሮ?

የሐሳቡ ባለቤት፣
ሃዋኒ


ባኮ፣ ጥር 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ሃዋኒ፣

ዶሮዋን በልተናታል፤ ሰላምታሽን ማድረስ አልቻልኩም።

ለምን አልደውልም ብለሽ በኤጄታ ለላክሽው፣ ኔትዎርክ ለማግኘት ኮረብታው ላይ መውጣት አለብኝ፤ ጉልበቴን ደግሞ ለእርሻው ነው የምፈልገው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊደል ያስተማርኩት እርጅናዬን በ«ሃሎ፣ ይሰማል?» ልጨርስ አይደለም።

ዛሬ ሁለት ጆንያ ልኬያለሁ። ቲማቲሙ ከላይ ነው፤ አትቀመጪበት። ለወርቅቱ ለብቻው ያሰርኩት ቆስጣ አለ፤ ለእናትሽ እንጂ ለሽያጭ አይደለም።

ባለፈው ባዶ ጆንያ ውስጥ ተመልሶ የመጣውን ዝርዝር አየሁት። ቶሎ ያለቀው፣ የተረፈው፣ በመንገድ የተጨፈለቀው በየረድፉ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ካየሁ ቆየሁ። ያንቺ እጅ እንዳልሆነ ወዲያው ነው ያወቅሁት። ጸሐፊዋን አመስግኚልኝ።

አክስትሽ ኡርጌ


አምቦ፣ ጥር 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

አዳዳ፣

ለዶሮዋ አዝኛለሁ፤ ጡሩምባ አስነፋላት ነበር።

ጸሐፊዋ አቢጊያ ናት። አመስግኛታለሁ፤ በልቤ።

በኤጄታ አፍ «ልጅቷን ለምን ጠመድሻት?» ብለው ልከዋል። እኔ ማንንም አልጠመድኩም። የማየውን ብቻ ልንገርዎትና እርስዎ ይፍረዱ። የላኩትን ቆስጣ አቢጊያ ራሷ ይዛ ቤታችን መጣች። «እማማ ወርቅቱ፣ ብዙ አይቀቀል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይውጣ» አለች፤ እናቷ ነግራት ነው። ሠራችው። እኔ ጎመን ስሠራ «ውሃ ውሃ ይላል» የምትለው እናቴ፣ ያንን በውሃ የተቀቀለ ቅጠል ጥርግ አድርጋ በላችና ምን እንዳለቻት ያውቃሉ? «ኢንተላ ኮ!» ልጄ! አሥራ ስድስት ዓመት በወር አንዴ የሚደርሰኝን ቃል ለአንድ ሰሃን ቆስጣ ሰጠቻት።

ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሽማግሌ ሲመጣ ከአግዳሚው ትነሳለች። ሚዛኑን ከመጫኗ በፊት በጨርቅ ትወለውለዋለች፤ ድንች ነው እኮ የሚመዘነው፣ አዳዳ፤ ድንች! ሰው ሁሉ ደግሞ «የአቢጊያ ጎመን» ማለት ጀምሯል። የእርስዎ ነው ጎመኑ፣ የእኔ ነው ሐሳቡ፤ የሷ ምኑ ላይ ነው?

ሌላው ሰላም ነው። ኦቦ ጃርሶ አሁን የምግብ ሊቅ ሆነዋል። «ካሮት ዓይን ያበራል» እያሉ ግማሽ ሰዓት አስተማሩን፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ሆኖ ሲፈልጉት ነበር። ኦቦ ባይሳ «የደስታ ይሁን» ተብለው ጡሩምባውን በደስታ ለመንፋት ሞከሩ፤ የሰፈሩ ውሾች በሙሉ አለቀሱ። አሁን ሰው ለምዶታል፤ ቅዳሜ ሲነፋ ዘንቢል ነው የሚያነሳው። የሚሞት ሰው ካለ በሌላ ቀን ይሙት ብለናል።

አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅዎት፤ በደብዳቤ ስለሆነ ፊቴን አያዩትም። እኔንና እሷን ማንን ያስበልጣሉ?

የሥጋ ልጅዎ፣
ሃዋኒ


ባኮ፣ የካቲት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሃዋኒ፣

ለመጨረሻው ጥያቄሽ፦ ሚዛን ለድንች ነው።

ሐሳቡ ያንቺ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ለኤጄታም ነግሬዋለሁ፤ ለኤጄታ የተነገረ እስከ ነቀምት ይሰማል።

ዛሬ ሁለት ደብዳቤ አለ። ይህኛው ያንቺ ነው። ፖስታ ውስጥ ያለውን ለአቢጊያ ስጫት፤ ስሟ ላዩ ላይ ተጽፏል። የሥራ ጉዳይ ነው።

ጆንያዎቹን በጊዜ አውጪ።

አክስትሽ


አምቦ፣ የካቲት 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

አዳዳ፣

ደብዳቤዎቹ ደርሰዋል፣ ሁለቱም።

ቅዳሜ እንዴት ነበር ካሉ፣ ጥሩ ነበር። የቀረ ነገር የለም፤ ቃሪያው ላይ ራሱ ተሻምተዋል። አዴ ጉዴ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቲማቲሞች ደረቷ ውስጥ ደብቃ ስትወጣ ኦቦ ባይሳ «ጡት ነው ወይስ ቲማቲም?» ብለው ጠየቋት። እድሜያቸው ሰባ አራት ነው። ምን እናድርጋቸው?

እኔ የደረሰኝ እጥፍ ወረቀት ነበር። የሷ ባለ ሙጫ ፖስታ ነው። ቅር ብሎኝ አይደለም፤ ልብ ብዬ ነው። እኔ የወንድምዎ ልጅ በእጥፍ ወረቀት፣ የሸነኗ ልጅ በሙጫ። ምናልባት የሥራ ጉዳይ ሙጫ ይወድ ይሆናል።

የፊዚክስ መጽሐፌ ሰሞኑን ወፈር ብሏል። ትምህርት በዝቶብኝ ነው።

ለዓርብ መናኸሪያ እጠብቃለሁ።

ሃዋኒ


አምቦ፣ የካቲት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

አዳዳ፣

ትናንት ኤጄታ መኪናው ተጠግኖ ሲያልፍ «አዴ ኡርጌ የረቡዑ ጆንያ እንዴት ሆነ ብላለች» አለኝ።

ተበላሽቷል። ሦስቱም ጆንያ ከረቡዕ እስከ ዓርብ መናኸሪያው ግድግዳ ስር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓርብ ከሰዓት የኤጄታን መኪና ስጠብቅ ዘበኛው «ያንቺ አይደለም ወይ የሚሸተው?» ብሎ አሳየኝ። ቲማቲሙ ፈሷል፤ ጎመኑ ቢጫ ሆኗል።

ቅዳሜ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር፤ ጡሩምባውም ተነፋ። ሰው ዘንቢሉን ይዞ መጥቶ ባዶ ጠረጴዛ አየ። ኦቦ ጃርሶ አቢጊያን «ከባኮ ጋር የምትጻጻፊው አንቺ አይደለሽም ወይ? እንዴት ሳታውቂ ቀረሽ?» አሏት። «ምንም አልደረሰኝም፣ አባባ» አለች። ያመናት የለም። አንዷ «ልጅ ላይ ተጥሎ!» አለች፣ ሌላዋ «ገና ሳናውቃት» አለች። ሚዛኑን ወለወለችውና ተነስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ላይ ማንም አልነበረም። እኔም አልተቀመጥኩም። ይህን ለምን እንደጻፍኩልዎት አላውቅም።

እሁድ ስብሰባው ነው። ኦቦ ጃርሶ «ነገሩ አልሠራም» እያሉ ነው።

ፈተና ስላለብኝ እዚህ ላይ ላብቃ።

ሃዋኒ


ባኮ፣ የካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሃዋኒ፣

በዚህ ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። ከፊደል እስከ አሁን ሳትቀልጂ የጻፍሽልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ደብዳቤዎቹ ደርሰዋል፣ ሁለቱም» ብለሽ የጻፍሽልኝ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አቢጊያ «ምንም አልደረሰኝም» ብላለች። ሁለታችሁም እውነት ከተናገራችሁ፣ ደብዳቤዬ በባኮና በአቢጊያ መሃል አንድ ቤት አድሯል።

አልጠይቅሽም። የማስተምር ጊዜም መልሱን የማውቀውን ጥያቄ አልጠይቅም ነበር።

ለነገው ዓርብ ጆንያ አልልክም። ማን እንደሚቀበለኝ ሳላውቅ አልልክም። እሁድ እድሩ የሚሰበሰበው ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ኡርጌ


አምቦ፣ የካቲት 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

አዳዳ፣

ሰላምታ ለማቅረብ ፊት የለኝም፤ ይቆየኝ።

የአቢጊያ ደብዳቤ የፊዚክስ መጽሐፌ ውስጥ ነበር። ምስጋና መስሎኝ ነው የደበቅሁት። «ጎበዝ፣ ከሃዋኒ ትሻያለሽ» የሚል ያለበት መስሎኝ፣ ሳልከፍተው ስንት ጊዜ በልቤ አነበብኩት! ዓርብ ጆንያዎቹን ሳይ ከፈትኩት። «ኤጄታ ጋራዥ ስለሚገባ ረቡዕ በሌላ መኪና እልካለሁ፤ እንደደረሰ አውጥታችሁ ጥላ ላይ በትኑት» ይላል። አራት መስመር። ስለ እኔ የሚል የለበትም፤ ስለሷ ጉብዝናም የለበትም። ለአራት መስመር ነው የቀናሁት።

በማግስቱ ቅዳሜ ሲጠይቋት አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። ዝም አልኩ። የባሰውንም ልንገርዎት፤ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው እሷ ሚዛኑን እስክትወለውል ድረስ ቆየ።

ትናንት ስብሰባው ሲጀመር ኦቦ ጃርሶ «እንግዲህ ድንኳኑ ወደ ሥራው ይመለስ» ብለው ሊዘጉት ሲሉ አግዳሚ ላይ ወጣሁ።

«ልጅ በእድር አይናገርም!» አሉ ኦቦ ባይሳ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ ነሽ?»

«ደብዳቤውን የደበቅሁት። አቢጊያ አልደረሳትም። ጆንያው የተበላሸው በእኔ ነው።»

ከዚያ ምን ሆኑ መሰልዎት? ሕገ ደንብ መፈለግ ጀመሩ! ግማሽ ሰዓት ገለጡ። ስለ ቲማቲም የተጻፈ የለም። በመጨረሻ ኦቦ ጃርሶ መነጽራቸውን አግኝተው «ይኸው! ‹መርዶ ደርሶት ለባለቤቱ ሳያረዳ የደበቀ›» ብለው አነበቡ።

«የሞተው ማን ነው ታዲያ?» አሉ ኦቦ ባይሳ።

«ቲማቲሙ ነዋ!» አለች አዴ ጉዴ ከሴቶቹ መሃል።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አቢጊያ ግን አልሳቀችም።

በመርዶ ደባቂነት ተፈረደብኝ። አርባ ቀን ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹንና ከመናኸሪያ የሚመጣውን ጆንያ ሁሉ እኔ እሸከማለሁ። ጠረጴዛው ይዘጋ ሲባል ደግሞ አዴ ጉዴ ተነስታ «ሁለት ወር ሙሉ በሽሮ ልንጾም ነው? ልጅቷ አጠፋች እንጂ ጎመኑ ምን አደረገ?» አለች። ሴቶቹ እጃቸውን አወጡ፤ ኦቦ ጃርሶ ሲቆጥሩ ተሸነፉ። ይቀጥላል ተባለ፤ እርስዎ ከላኩ። ሚዛኑ የአቢጊያ ነው። ኦቦ ጃርሶ ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቋት፤ እግዜር ያሳይዎት፣ እሳቸው!

እማዬ ቤት ገብታ ተቀመጠችና «ያን ሳምንት እኔ ምን በላሁ?» አለችኝ።

«ፓስታ» አልኳት።

«የቀቀልሽው አንቺ ነሽ» አለች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እርስዎስ? ይቅር ይሉኛል?

ሃዋኒ


ባኮ፣ የካቲት 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ሃዋኒ፣

ሦስት ጆንያ ልኬያለሁ፤ ከባድ ናቸው፤ ሆን ብዬ ነው።

እኔ የተበደልኩት ቲማቲም ብቻ ነው። እሱን ይቅር ብያለሁ። ሌላውን የምትጠይቂው ከእኔ አይደለም፤ ማዶ ነው ያለችው።

ለአቢጊያ የጻፍኩት ዛሬም በሙጫ ነው። ላንቺም ሙጫ ገዝቻለሁ።

አክስትሽ ኡርጌ


አምቦ፣ መጋቢት 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

አዳዳ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጀርባዬም ሰላም ይላል፣ ከተቃና።

ጠይቄያታለሁ፤ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ነው የጠየቅኋት። ፖስታውን ሰጠኋትና «በድዬሻለሁ» አልኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ «እሺ» አለች፤ በሩን ዘጋች። እርስዎ በእነሱ አገር በጂባት ወረዳ አስተምረዋልና ይንገሩኝ፤ በሸነን «እሺ» ማለት ምን ማለት ነው? ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ጋ ስደርስ ዝርዝሩን ታቀብለኛለች እንጂ አታናግረኝም። እኔ ብሆን ዝርዝሩንም አላቀብል።

ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብለው በኤጄታ ለላኩት፣ አልለቀቀኝም። እርስዎን ዋሽቼ የሚመጣውን ስላየሁት ከእንግዲህ እውነቱን ነው የምጽፈው። ማክሰኞ ጤና ጣቢያ የእማዬን ስኳር ለኩ፤ ወርዷል። ከዚያ ስትወጣ መጀመሪያ የነገረችው ለአቢጊያ ነው። እኔ የሰማሁት ከአዴ ጉዴ ነው። ትናንት ደግሞ ድንኳኑን ስነቅል እማዬ ሳታስበው «አቢጊያ» ብላ ጠራችኝ። አግዳሚ ተሸክሜ ስለነበር አልመለስኩላትም። ማታ የሠራሁላትን ጎመን ግን በላችው፤ አረንጓዴ እንደሆነ ነው ያወጣሁት፤ ከማን እንደተማርኩት ሁለታችንም አልተናገርንም።

አሁን ዓርብ የሆነውን ልንገርዎት። ኤጄታ ጆንያዎቹን አወረደልኝ። ጋሪው ሁለቱን ጭኖ ሄደ፤ ለሦስተኛው ቦታ የለውም። ባጃጆቹ ቲማቲም ያለበት ጆንያ ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ብቻዬን እየጎተትኩ ከመናኸሪያው ስወጣ ጆንያው በአንድ በኩል ቀለለኝ። ዞር ብል አቢጊያ ናት፤ ሌላኛውን ጫፍ ይዛለች። ማን እንደላካት አልጠየቅኋት።

ጆንያውን ይዘን ሄድን። እኔ ፈጥኜ ነበር የምራመደው፤ ለምን እንደሆነ ይገምታሉ፤ እሷ ቀድማ «ደከመኝ» እንድትል ፈልጌ ነው። አላለችም። ድልድዩን አለፍን። ጣቶቼ ተቆረጡ። አላለችም። ቄራው ጥግ ስንደርስ ግን አፏን ከፈተች፤ በሁለት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ቀስ በይ» አለችኝ፣ «ቲማቲሙ ይጨፈለቃል።»

ቀስ አልኩ።

ልጅዎ
ሃዋኒ